ሳሙኤል ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሣ? በቤታቸው ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ልጆቻችንን ስለ መደገፍ

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ሳሙኤል 2፥18-21፤ 3፥1-18፤ ገላትያ 6፥2-5

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 ላይ ክፈቱልኝ። ይህን ታሪክ የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም፤ ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ ሰምተነዋል። ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት ድምፅ ሰማ፤ ካህኑ ዔሊ የጠራው መስሎት ሮጠ፤ በኋላ ግን የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑ ታወቀ። ብዙ ጊዜ ከዚህ ክፍል የምንሰብከው የእግዚአብሔርን ድምፅ ስለ መስማት ነው፤ ትክክልም ነው። ዛሬ ግን እስቲ ቤቱን እንመልከት። በዚያ ቤት ውስጥ ማን አለ? ሲጠራ የሚነሣውስ ማን ነው?

1. በዚያ ቤት የነበረው ልጅ

ምዕራፍ 2 ቁጥር 22 ዔሊ እጅግ አርጅቶ እንደ ነበር ይነግረናል። ምዕራፍ 3 ቁጥር 2 ደግሞ ዓይኖቹ ፈዝዘው ማየት አቅቶት እንደ ነበር ይጨምርልናል። ዔሊ አፍኒንና ፊንሐስ የሚባሉ ለአቅመ ክህነት የደረሱ ሁለት ልጆች ነበሩት። ጉልበቱም ዕድሜውም ነበራቸው። ነገር ግን ሕዝቡ ካመጣው መሥዋዕት ሥጋ ይቀሙ ነበር፤ አባታቸው ሲመክራቸውም አልሰሙትም። በዚያ ሌሊት ለሽማግሌው ሲነሡ አናያቸውም። የተነሣው ልጁ ነው።

ልብ በሉ፤ ሳሙኤል ስሙ ሲጠራ ሁለተኛ ጥሪ አልጠበቀም። ሮጦ ዔሊ ዘንድ ደረሰ። ይህ ልጅ በሌሊት መጠራት የለመደ ይመስላል። ዓይኑ የማያይ ሽማግሌ ውኃ ሊፈልግ ይችላል፤ እጁን ይዞ የሚመራው ሊፈልግ ይችላል። ሳሙኤል በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሣ። ቁጥር 15ን ስናነብ ደግሞ ሲነጋ የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች የከፈተው ያው ልጅ ነው።

ታዲያ በእኛ ጉባኤ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ጠዋት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አለ ወይ? አለ። አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። "ጎበዝ ልጅ፣ ተባረክ" ብላችሁታል። የዛሬው ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፤ ምርቃት መልካም ነው፣ ነገር ግን ምርቃት ሸክም አያነሣም። ሸክም የሚያነሣው እጅ ነው።

2. አስታማሚ ልጅ ማን ነው?

አስታማሚ ስንል ብዙውን ጊዜ ትልቅ ሰው ነው የሚታየን። ነገር ግን እናቷ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት የምትሄድ የ13 ዓመት ልጅ እናስብ። እናቷ ደክማ ስትመለስ እራት የምታበስለው እሷ ናት። ታናናሾቿን የምታጥበው፣ የቤት ሥራቸውን የምታየው እሷ ናት። አባት ናይት ሺፍት ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ከፍታ የምታነበው፣ ለመብራትና ለቤት ኪራይ ቢሮ የምትደውለው እሷ ናት። አስታማሚ ናት፤ ማንም ግን በዚህ ስም ጠርቷት አያውቅም።

ስትሮክ የመታውን አያቱን ደግፎ የሚያስነሣ ልጅ አለ። የአባቱን ስኳር ለክቶ ቁጥሩን የሚጽፍ ልጅ አለ። ኦቲዝም ያለበትን ወንድሙን እናቱ ከሥራ እስክትመለስ የሚጠብቅ አለ። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የማይታየው ነው። እናቱ በድብርት ተይዛ ከአልጋ የማትነሣ፣ ወይም አባቱ መጠጥ ይዞት ማታ በምን ሁኔታ እንደሚመጣ የማያውቅ ልጅ እጁ ሥራ ባይሠራ እንኳ ልቡ ዘብ ቆሞ ያድራል። በር ሲከፈት ያዳምጣል። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አሳቡ ቤት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ2021 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 የሆኑ ወደ 120,000 የሚጠጉ ልጆች አስታማሚ ሆነው ተመዝግበዋል። ፎርሙን የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ እንደ ሆነ አስቡ። ወላጁ ያላየው ወይም ሊጽፈው ያልፈለገው ልጅ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። እዚያ አገር እንዲህ ላሉት ልጆች "ያንግ ኬረር" የሚባል ስም አላቸው። ስሙን ያዙት፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

3. እርዳታ ነው ወይስ ሸክም?

እዚህ ላይ አንድ ወላጅ፣ "ታዲያ ልጅ እናቱን አይርዳ? እኛ አገር ቤት ውኃ ቀድተን፣ እንጨት ለቅመን፣ ታናሽ አዝለን አይደል ያደግነው?" ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። ቃሉም ልጅ ወላጁን እንዲያከብር ያዛል። ጌታ ኢየሱስ ራሱ ለወላጆቹ ይታዘዝ እንደ ነበር ሉቃስ 2፥51 ይነግረናል። ቤት ውስጥ ምንም የማይሠራ ልጅ ማሳደግ በረከት አይደለም። ሕመምተኛን መርዳት ርኅራኄን ያስተምራል፤ ይህን ያለፉ ልጆች ብዙ ጊዜ አስተዋዮች ናቸው።

ነገር ግን ገላትያ ምዕራፍ 6ን በጥንቃቄ አንብቡ። በቁጥር 2 ጳውሎስ አንዳችን የሌላችንን ሸክም እንድንሸከም ያዘናል። በቁጥር 5 ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። በግሪክኛው ግን ሁለት ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው "ባሮስ" ነው፤ ሰውን የሚጫን፣ ለብቻ የማይቻል ክብደት ነው። ሁለተኛው "ፎርቲዮን" ነው፤ አንድ ሰው ይዞ ሊሄድ የሚችለው፣ የድርሻው ጭነት ነው። ጌታ በማቴዎስ 11፥30 ሸክሜ ቀላል ነው ሲለን የተጻፈው ቃል ይኸው ሁለተኛው ነው።

እንግዲህ ለልጅ ፎርቲዮን አለው። አልጋውን ያንጥፍ፣ ሳህን ይጠብ፣ ለእናቱ ሻይ ያቅርብ፣ አያቱ አጠገብ ተቀምጦ ያጫውት። ይህ የድርሻው ነው። ባሮስ ሲሆን ግን እንዴት እናውቃለን? እነዚህን ምልክቶች ተመልከቱ፦

- እንቅልፉን ሲወስድበት፤ ሌሊት እየተነሣ ቀን ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ።
- ከትምህርት ቤት ሲያስቀረው ወይም በየጊዜው ሲያስረፍደው።
- የትልቅ ሰው ገላ ማጠብና መጸዳጃ መርዳት የእሱ ሥራ ሲሆን። ይህ ለልጁም ለሕመምተኛውም ክብር የሚነካ ነው።
- ስሕተቱ ሕይወት የሚያሳጣ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ኢንሱሊን፣ በእሱ ብቻ እጅ ሲሆን።
- ጓደኛ፣ ጨዋታ፣ የወጣቶች ኅብረት ሁሉ ሲቀርበት።
- እሱ ካልኖረ ቤቱ የሚፈርስ መስሎ ሲታየው።

ከእነዚህ አንዱ ካለ፣ ልጁ እየረዳ አይደለም ያለው፤ የትልቅ ሰው ቦታ ተክቶ ቆሟል ማለት ነው። 2ኛ ቆሮንቶስ 12፥14ን አንብቡ። ጳውሎስ ስለ ገንዘብ በሚናገርበት በዚያ ቦታ፣ ማከማቸት የሚገባው ወላጅ ለልጅ እንጂ ልጅ ለወላጅ እንዳልሆነ ያስታውሰናል። ጉልበትና እንቅልፍም እንደዚሁ ነው።

4. ለምን አናየውም?

አንደኛ፣ ገመና ስለምንጠብቅ ነው። የቤታችን ነገር አደባባይ እንዳይወጣ ልጆቻችንን እናስተምራለን። "እንዴት ናችሁ?" ሲባሉ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን" ይላሉ። ገመና መሸፈን መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ሽፋኑ ልጁንም አብሮ ከሸፈነው ማን ያየዋል?

ሁለተኛ፣ ምስጋናችን አፍ ስለሚያዘጋ ነው። "አንቺ ባትኖሪ እናትሽ ምን ይውጣት ነበር!" እንላለን። በፍቅር ነው የምንለው። ልጅቷ ግን የምትሰማው ሌላ ነው፤ "ደከመኝ ካልኩ እናቴን ጣልኳት ማለት ነው" ብላ ትሰማዋለች። ስለዚህ ዝም ትላለች።

ሦስተኛ፣ ፍርሃት ነው። "ሶሻል ሰርቪስ ከሰማ ልጆቻችንን ይወስድብናል" የሚለው ወሬ በኅብረተሰባችን ውስጥ ከወንጌል ፈጥኖ ይዞራል። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ያላለቀለት ቤተሰብ ደግሞ ከማንኛውም ቢሮ መራቅን ይመርጣል። ስለዚህ ፍርሃት ከታች እናገራለሁ።

አራተኛው ከባድ ነው፤ በመንፈሳዊ ቃል የሚጫን ሸክም። "አንተ ብትጸልይ እኮ እናትህ ትፈወስ ነበር" የተባለ ልጅ አለ። ወገኖቼ፣ ይህን ለልጅ አትበሉ። እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ እንጸልያለን፤ እናምናለንም። ነገር ግን የእናቱን ሕመም በልጅ እምነት ማነስ ላይ የሚያሳብብ ቃል ከእግዚአብሔር አይደለም። ትናንሽ ልጆች ያለዚያም ሕመሙ በእነሱ ጥፋት የመጣ እየመሰላቸው በልባቸው ይጨነቃሉ። "በአንተ ምክንያት አይደለም" የሚለውን ቃል በግልጽ ሊሰሙት ይገባል፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግመው።

5. ልጅ በሐኪም ፊት አስተርጓሚ ሲሆን

ይህ በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች የተለየ ፈተና ነው። ልጆቻችን ቋንቋውን ከእኛ ቀድመው ይለምዱታል። ስለዚህ ሐኪም ቤት ስንሄድ ይዘናቸው እንሄዳለን። መጀመሪያ ለጉንፋን ነው፤ በኋላ ግን ለካንሰር ውጤትም ይሆናል።

ወደ ሳሙኤል እንመለስ። ቁጥር 15 ሳሙኤል ራእዩን ለዔሊ መንገር እንደ ፈራ ይነግረናል። በዔሊ ቤት ላይ የመጣው ክፉ ወሬ በልጅ አፍ ላይ ነበር። እስኪነጋ ድረስ ይዞት ተኛ። ያን ጊዜ መልእክቱን የሰጠው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ እኛ ግን ለልጆቻችን እንዲህ ያለ መልእክት የማሸከም ሥልጣን የለንም። የ12 ዓመት ልጅ "ሐኪሙ ምን አለ?" ተብሎ በእናቱ ዓይን ሲታይ ምን ያድርግ? አንዳንዱ ቃሉን ያለዝበዋል። አንዳንዱ ግማሹን ይውጠዋል። እናትም በበኩሏ በልጇ ፊት የማትናገረው ሕመም አለ። በዚህ መካከል መድኃኒቱ ይሳሳታል፤ ምርመራው ይጎድላል።

መልካሙ ዜና፣ ይህን ማድረግ የለብንም። በአሜሪካ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የጤና ሕግና እሱን ተከትለው የወጡ ደንቦች፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያዝዛሉ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ የሚፈቀደው አስተርጓሚ እስኪገኝ ድረስ በድንገተኛ አደጋ ጊዜ ብቻ ነው። በእንግሊዝም የመንግሥት ሕክምና አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ የጤና አገልግሎቱ መመሪያም ከአስቸኳይ ሕክምና በቀር ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲያስተረጉም አይቀበልም። በኖርዌይ ሕጉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ልጆችን በአስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ይከለክላል።

ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ፣ "የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በሉ። ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚቀላችሁም ያንኑ ጠይቁ። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር በምትኖሩበት አገር ቋንቋ በወረቀት አጽፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አስቀምጡት። አስተርጓሚው በአካል ባይገኝ በስልክ ይቀርባል። "ምስጢሬን የሚያውቅ የሠፈራችን ሰው ይሆንብኛል" ብላችሁ ከፈራችሁ፣ ከሌላ ከተማ በስልክ እንዲሆን መጠየቅ ትችላላችሁ።

6. ስለ ፍርሃታችን ሕጉ ምን ይላል?

አሁን ወደ ሶሻል ሰርቪስ ፍርሃት እንምጣ። በእንግሊዝ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የልጆችና የቤተሰቦች ሕግ፣ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ሌላ ሰው የሚያስታምም ልጅ ድጋፍ የሚያስፈልገው ከመሰለ፣ ካውንስሉ ሁኔታውን እንዲያጠና ያስገድደዋል። ልጁ ራሱ ወይም ወላጁ ሊጠይቅ ይችላል። ጥናቱ የሚመለከተው፣ ልጁ የሚሠራው ሥራ ለእሱ የሚገባ ነው ወይ? ትምህርቱስ? ጨዋታውና ዕረፍቱስ? የሚለውን ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የእንክብካቤ ሕግ ደግሞ ለታመመው ትልቅ ሰው የራሱ ጥናት እንዲደረግ ይፈቅዳል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ያለው እዚህ ጋ ነው፤ እናት ገላዋን የሚያጥባት ሠራተኛ ካገኘች ልጅቷ ልጅ መሆን ትችላለች። በስኮትላንድም ልጁ የሚያስፈልገውን ነገር በጽሑፍ የሚያሰፍር ሥርዓት በሕግ አለ። በኖርዌይ ደግሞ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆስፒታሎች ወላጃቸው የታመመባቸውን ልጆች የሚከታተል ባለሙያ እንዲመድቡ ሕጉ ያዝዛል።

ልብ በሉ፤ ልጅ ወላጁን ማስታመሙ በራሱ የወላጅ ወንጀል አይደለም። ጥናቱ የተሠራው ለድጋፍ ነው። በእርግጥ ልጅ የሚደበደብበት ወይም ለአደጋ የተጋለጠበት ቤት ካለ ባለሥልጣን ጣልቃ ይገባል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ቤተሰብ ወደ ከፋ ነገር የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እርዳታ በመጠየቁ ሳይሆን ሳይጠይቅ በመቆየቱ ነው። በምትኖሩበት አገር ሕጉ የተለየ ሊሆን ይችላል። ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ ከልጁ መምህር፣ ከቤተሰብ ሐኪማችሁ ወይም ከሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ጀምሩ። በእንግሊዝ ከሆናችሁ "ያንግ ኬረር" የሚለውን ስም ለትምህርት ቤቱ ንገሩ፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች እነዚህን ልጆች በዓመታዊ መዝገባቸው እንዲያሳውቁ ተጠይቀዋልና ስሙ አዲስ አይሆንባቸውም። በአሜሪካ በአብዛኛው ቦታ 211 ደውሎ በአካባቢው ያለውን እርዳታ መጠየቅ ይቻላል።

7. ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ?

በማርቆስ 2 ሽባውን ሰው ወደ ኢየሱስ ያመጡት አራት ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው አልጋውን ለብቻው ይዞ ጣሪያ ላይ አይወጣም። አባቶቻችንም፣ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይሉ ነበር። ታዲያ ሃምሳ ሰው ባለበት ጉባኤ፣ ሃምሳውን ሎሚ ለምን አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ትሸከመዋለች?

እንዴት እንካፈለው? በተግባር እንነጋገር።

መጀመሪያ፣ ስንጠይቅ ሥራ አንጨምር። የታመመ መጠየቅ የተባረከ ባህላችን ነው። ነገር ግን እሑድ ከሰዓት አሥር ሆነን ሄደን ስንቀመጥ፣ ቡናውን ማን ያፈላል? ስኒውን ማን ያጥባል? ያቺው ልጅ ናት። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነን እንሂድ። የበሰለ ምግብ ይዘን እንሂድ። ገብተን "አንቺ ቁጭ በይ" እንበላት፤ ቡና ካስፈለገ እኛው እናፍላ፤ ስንወጣ ዕቃው ታጥቦ ይሁን።

ሁለተኛ፣ "ካስፈለገሽ ደውዪልኝ" ማለት ይብቃ። አትደውልም። ይሉኝታ አለ። ይልቅ ቀንና ሰዓት ቁረጡ። "ዘወትር ማክሰኞ በ11 ሰዓት እመጣለሁ፤ እስከ 2 ሰዓት ከእናትሽ ጋር እቆያለሁ፤ አንቺ ወደ ጥናትሽ ወይም ወደ ጓደኞችሽ ትሄጃለሽ።" ይህ እርዳታ ነው። አንዱ ሐሙስን ይውሰድ፣ አንዱ ቅዳሜ ጠዋት ግዢውን። አንዱ ወደ ኩላሊት እጥበቱ በመኪናው ያድርስ። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት በየሳምንቱ ደብዳቤዎቹን ያንብብላቸው። የምንጀምረውን ግን እንጨርስ፤ ሁለት ሳምንት መጥቶ የሚቀር ሰው ልጁን የበለጠ ይሰብረዋል።

ሦስተኛ፣ ልጁን ስለ ራሱ ጠይቁት። ሁላችንም ልጁን ስናገኘው "እማዬ እንዴት ናት?" እንለዋለን። ልጁ የእናቱ ዜና አቅራቢ ሆነ ማለት ነው። እስቲ፣ "አንተስ እንዴት ነህ? ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ? በዚህ ሳምንት ምን አስደሰተህ?" በሉት። መልስ ካልሰጠ አትጫኑት፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ጠይቁት።

አራተኛ፣ ምስጢሩን ጠብቁ። የቤተሰቡን ሕመም በስም ጠቅሳችሁ በቴሌግራም ግሩፕ የጸሎት ርእስ አታድርጉት። ልጁን መድረክ ላይ አውጥታችሁ "ይህን ጀግና ተመልከቱ" አትበሉ። ነገር ግን ልጁ እየተጎዳ ወይም ራሱን ሊጎዳ እንዳሰበ ከነገራችሁ፣ "ለማንም አልናገርም" ብላችሁ ቃል አትግቡለት። ለልጆች ደኅንነት ኃላፊነት ላለው ሰውና ለሚመለከተው ክፍል በዚያው ቀን አሳውቁ።

ለታመማችሁ ወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። መታመማችሁ ጥፋት አይደለም። ልጃችሁን ስለ ሸክሙ ማመስገናችሁም መልካም ነው። ዮቶር ሙሴን በዘጸአት 18፥17-18 ያደረግኸው መልካም አይደለም፣ ለብቻህ አትችለውም ሲለው ሙሴ አልተቆጣም፤ ምክሩን ሰማ። እናንተም እርዳታ ሲመጣ በሩን ክፈቱ። ስለ ሕመማችሁ ልጃችሁ በዕድሜው ሊረዳው በሚችለው መጠን እውነቱን ንገሩት፤ ያልተነገረው ልጅ የሚያስበው ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። መድኃኒቱን ፋርማሲው በየቀኑ ከፋፍሎ እንዲያዘጋጅላችሁ ጠይቁ። ድንገት ብትወድቁ ልጁ ምን እንደሚያደርግ በወረቀት ጻፉና ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ፤ በእንግሊዝ 999፣ በአሜሪካ 911፣ በአብዛኛው አውሮፓ 112፣ ከዚያም የሁለት ትልልቅ ሰዎች ስልክ።

8. ለአንተና ለአንቺ፣ ለአስታማሚ ልጆች

ይህን የምታነብ ልጅ ካለህ፣ እናትህን መውደድህን እግዚአብሔር አይቷል። መድከምህንም አይቷል። መድከም ኃጢአት አይደለም። አንዳንዴ መናደድህም፣ "ለምን የእኛ ቤት?" ማለትህም ክፉ ልጅ አያደርግህም፤ መዝሙራትን ያነበበ ሰው እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ጸሎት እንደሚሰማ ያውቃል። የምታምኚውን አንድ ትልቅ ሰው ምረጪና ንገሪው፤ መምህርሽን፣ አክስትሽን፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪሽን። የመጀመሪያው ሰው ካልሰማሽ ለሁለተኛው ንገሪ። ሳሙኤልም ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ነው ነገሩ የተገለጠው። በእንግሊዝ የምትኖሩ ልጆች 0800 1111 ብላችሁ ቻይልድላይን በነፃ መደወል ትችላላችሁ።

ማጠቃለያ

ዔሊ ብዙ ድካም የነበረበት ሰው ነው፤ ቃሉም አይሸፍንለትም። በዚያ ሌሊት ግን አንድ መልካም ነገር አደረገ። ልጁ ሮጦ ሲመጣ፣ አልጠራሁህም፣ ተመልሰህ ተኛ አለው። ለልጁ እንቅልፉን መለሰለት። ከሩቅ ደግሞ እናቱ ሐና አለች። 1ኛ ሳሙኤል 2፥19 በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ታመጣለት እንደ ነበር ይናገራል። መደረቢያ ለመስፋት ልጁ ዘንድሮ ምን ያህል እንዳደገ ማሰብ ያስፈልጋል። ሐና አብራው ባትኖርም እያደገ ያለ ልጅ መሆኑን አልረሳችም። ቁጥር 21ም ብላቴናው በእግዚአብሔር ፊት እንዳደገ ይመሰክራል።

ቤተ ክርስቲያን ሆይ፣ ሁለቱንም እናድርግ። ለልጆቻችን "ተመልሰህ ተኛ፣ እኔ እነሣለሁ" እንበላቸው። እያደጉ ያሉ ልጆች መሆናቸውንም አንርሳ።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ በየቤቱ ሌሊት የሚነሡትን ትናንሾች አንተ ታውቃቸዋለህ። የታመሙትን ወላጆች ፈውስ፤ አጽናናቸውም። እኛንም ከወንበራችን አስነሣን። ዓይናችንን ክፈትልን፤ እጃችንንም ዘርጋልን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ለቤት ኅብረት መወያያ ጥያቄዎች

1. በ1ኛ ሳሙኤል 3 ሊነሡ ሲገባቸው ያልተነሡት እነማን ናቸው? በእኛ ጉባኤስ?
2. በገላትያ 6 ያሉትን ሁለቱን ሸክሞች በራሳችሁ ቤት ምሳሌ ለዩ። ለልጆቻችሁ የተገባው የትኛው ነው?
3. በኅብረታችን ውስጥ ሕመምተኛ ያለበትን ቤት አስቡ። በመጨረሻ ስንጠይቅ ቡናውን ያፈላው ማን ነበር?
4. እርዳታ እንዳንጠይቅ የሚይዘን የትኛው ነው፤ ገመና፣ ይሉኝታ ወይስ ፍርሃት?
5. ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እያንዳንዳችን የምንይዘው ቀንና ሰዓት የትኛው ነው? ከመለያየታችሁ በፊት ጻፉት።

ጌታ ይባርካችሁ።